ፈቅዶ የሚገባበት ችሎት፦ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ታሪክ በወሎ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሙስሊም ባልና ሚስት መስማማት ሲያቅታቸው፣ ወይም አባት ሞቶ ልጆች በውርስ ሲጣሉ፣ ሽማግሌ ያልጨረሰው ጉዳይ የሚሄድበት ችሎት ሁለት ነው። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው መደበኛ ፍርድ ቤት ነው። ሌላው ቃዲ የሚቀመጥበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። ይህኛው መንግሥት ያወቀው ችሎት ነው፤ ቃዲው የሚፈርደው ግን በቁርአን፣ በሐዲስና ዑለማው ከሁለቱ ባወጡት ሕግ፣ በፊቅህ ነው። ወደ ክርክሩ ከመግባቱ በፊት ተከራካሪዎቹን የመጠየቅ ግዴታ አለበት፦ እዚህ ለመዳኘት ፈቅዳችኋል? ከሁለቱ አንዳቸው አልፈቀድኩም ካሉ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ይህ ጥያቄ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ትዳራቸውን፣ ልጆቻቸውንና ውርሳቸውን በሃይማኖታቸው ሕግ ለማስተዳደር ለብዙ ዓመታት ሲጠይቁ ኖረዋል፤ መንግሥታትም አንዴ ሲከለክሉ፣ አንዴ ሲፈቅዱ፣ አንዴም ዝም ሲሉ ኖረዋል። አሁን ያለው ሥርዓት የዚያ ክርክር ማረፊያ ነው። የፈቃድ ጥያቄው ተቋሙን ያዳክመዋል የሚሉ ብዙ ምእመናን አሉ። እኔ ተቋሙን በእግሩ ያቆመው እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ታሪኩ ራሱ ያስረዳል።

ወሎ ውስጥ ቃዲ ከመንግሥት አዋጅ በፊት ነበረ። የታሪክ ተመራማሪው ሁሴን አህመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ታሪክ እንዳሳዩት፣ ከኮምቦልቻ ብዙም የማይርቀው ገታ፣ ጀማ ንጉሥና የየጁው ዳና የዒባዳና የትምህርት ማዕከል ብቻ አልነበሩም። በዙሪያቸው ያለው ሰው ኒካሁን፣ ፍቺውንና ውርሱን ይዞ የሚመጣው ወደ እነዚሁ ዑለማ ነበር። የገታው ሐጂ ቡሽራ በተለይ ሕዝቡ ስሙ ብቻ ሙስሊም ሆኖ እንዳይቀር፣ ኑሮውን ከሸሪዓ ጋር እንዲያስማማ አጥብቀው ያስተማሩ ሰው ናቸው። የወረ ሂመኖ ገዢዎች ኢማም የሚለውን ማዕረግ ሲይዙም የሥልጣናቸው አንዱ ምሰሶ ከዑለማው ጋር የነበራቸው ቅርበት ነበር። የደም ጉዳይ አባ ጋር ለሚባለው የአገር አስታራቂ፣ የትዳርና የውርስ ጉዳይ ለሸኹ ነበር። ሸኹ ደመወዝም ማኅተምም የለውም፤ ፍርዱ የሚፈጸመው ሰው ስለሚያከብረው ነው። አልቀበልም ያለ ሰው የሚያጣው የአካባቢውን ፊት ነበር እንጂ ፖሊስ አይመጣበትም።

በ1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተ ሰሜን ቅርብ ላይ ባለው ቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤ ይህን ሁሉ አናጋው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የቤተ ክርስቲያኑን የዶክትሪን ክርክር ከዘጉ በኋላ አገሩን በአንድ ሃይማኖት ለማዋሐድ ቆረጡ። የወረ ሂመኖው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሆነው ደሴን መናገሻቸው አደረጉ። ዓሊሙ ሸኽ ጠልሃ ቢን ጀዕፈር ግን አልቀበልም ብለው አመፁ። ብዙ ዓሊም ተሰደደ፣ ብዙ መስጊድና ዛዊያ (የዒባዳና የትምህርት ማዕከል) ተቃጠለ። ወሎ ውስጥ ሃይማኖት በትእዛዝ ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ሕዝቡ በደሙ የተማረው ያኔ ነው። ከአያቶቻችን አንዱ ወንድም ሙስሊም፣ ሌላው ክርስቲያን ሆኖ የቀረበትና ዛሬም በአንድ ለቅሶ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት የሚቀመጥበት የወሎ አኗኗር ከዚያ መከራም ጭምር የተወለደ ነው። ይህን የምጠቅሰው ለምሬት አይደለም። ወሎዬ ዘንድ የግዴታ ሃይማኖት እንዴት እንደሚታይ ሳይታወቅ የቃዲውን የፈቃድ ጥያቄ መረዳት ስለማይቻል ነው።

ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ወረራ ሙስሊሙን ከንጉሠ ነገሥቱ ለመነጠል ሲል መስጊድ አሠራ፣ አረብኛ ትምህርት ፈቀደ፣ ቃዲዎችን አቋቋመ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሲመለሱ ምርጫ ተደቀነባቸው፤ ጠላት የሰጠውን መንጠቅ ወይም በራሳቸው ስም መስጠት። ሁለተኛውን መረጡ። ከነጻነት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ስለ ሙስሊም ፍርድ ቤቶች አዋጅ ወጣ፤ በ1936 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 62 ተተካ። አዋጁ ቃዲን ከታች፣ ናኢባን ከመካከል፣ የሸሪዓ ጉባኤን ከላይ አድርጎ ሦስት እርከን ሠራ። ሥልጣናቸው ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ የልጅ ሞግዚትነትን፣ ወቅፍን፣ ስጦታን፣ ኑዛዜንና ውርስን ያቀፈ ነበር። ዛሬ ያለው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሥልጣንም ከሞላ ጎደል ያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በዚያው ዘመን መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ወደ መንፈሳዊ ጉዳይ ብቻ ወስኖ ነበር። የመንግሥት ሃይማኖት የነበረው ወገን የቤተሰብ ችሎቱን ሲያጣ፣ በብዙ ነገር የተገፋው ወገን በሕግ አገኘው። ግን ያገኘው በወግ ያህል ነበር፤ ቃዲዎቹ በጀትም ክብርም ሳይኖራቸው ይሠሩ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ አወቀ፤ ውጤቱን ግን ለሁሉም አንድ አደረገው። ቁጥር 3347 ደግሞ ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበረ ደንብና ልማድ ሁሉ መሻሩን ተናገረ። በጽሑፉ ከሄድን ቃዲዎቹ መዝጋት ነበረባቸው። አንዳቸውም አልዘጉም፤ መንግሥትም ዝጉ አላለም። ለ14 ዓመት ያህል የወሎ ቃዲ ሕጉ ሽሮት ሳለ ሕዝቡ እየመጣበት ሲፈርድ ኖረ። ተቋሙን በዚያ ዘመን ያቆየው የትኛውም አዋጅ አይደለም፤ በሩን የሚያንኳኳው ባለጉዳይ ነው።

ዝምታው የተሰበረው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ፣ አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞችና ከጎናቸው የቆሙ ክርስቲያኖች አደባባይ ወጡ፤ ቁጥራቸው ወደ 100 ሺህ ይገመታል። ጥያቄያቸው 13 ነጥብ ነበረው። ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ የሙስሊሙ በዓላት ብሔራዊ በዓል እንዲሆኑ፣ ሙስሊሙ የመሬት ባለቤት መሆን እንዲችል፣ "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" መባላቸው ቀርቶ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" እንዲባሉ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም እንዲጠናከሩ ጠየቁ። አንድ ሰልፍ መንግሥት ከሃይማኖት እንዲለይም፣ መንግሥት የሃይማኖት ፍርድ ቤትን እንዲያጠናክርም ጠየቀ። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ ግጭት አላይበትም። ሰልፈኛው የፈለገው የሌላው ሃይማኖት በላዩ እንዳይጫን፣ የራሱ ደግሞ ቦታ እንዲኖረው ነው። በ1967 ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። በ1968 የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ ሰው ሁሉ መጅሊስ የሚለው፣ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሐጂ መሐመድ ሣኒ ሐቢብ ነበሩ፤ ከሸኽ ሰዒድ መሐመድ ሷዲቅ ጋር ሆነው ቁርአንን ወደ አማርኛ የተረጎሙ፣ ትርጉሙም በ1961 የታተመላቸው ዓሊም። ደርግ ሃይማኖትን ባይወድም ቃዲዎቹን አልዘጋም።

ኢሕአዴግ ሲገባ የአደባባዩ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ከመጽደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ ብዙ ሙስሊም አዲስ አበባ ላይ ተሰልፎ ሸሪዓ ለሙስሊሙ በሕገ መንግሥት እንዲረጋገጥ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት ይችላል። አንቀጽ 78 ደግሞ የሃይማኖት ፍርድ ቤት ማቋቋም ወይም ማወቅ የሚችሉት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች መሆናቸውን አስቀመጠ። ከሰልፈኛው አንዳንዱ በመልሱ ቅር ተሰኘ። እሱ የፈለገው ሙስሊም የሆነ ሁሉ በሸሪዓ እንዲዳኝ ነበር፤ የተሰጠው ግን ሙስሊም ሆኖ የፈቀደ እንዲዳኝ ነው።

ያ ልዩነት በ1992 ዓ.ም. በሁለት አዋጅ ተፈተነ። ኅዳር 27 ቀን የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188 ወጣ። በዚያው ዓመት ሰኔ 27 ቀን ደግሞ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ታወጀ። የቤተሰብ ሕጉን የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች የመብት ተሟጋቾች ለዓመታት ሲገፉት ኖረዋል። የጋብቻ ዕድሜን ለሴትም ለወንድም 18 አደረገ፤ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው የሚለውን ሰረዘ፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ እንደሆነ ይገመታል አለ። የሃይማኖቱ ወገን የራሱን አዋጅ ሰባት ወር ቀድሞ በእጁ ይዞ ስለነበር በቤተሰብ ሕጉ ላይ ሊነሣ ይችል የነበረው ታላቅ ጠብ ሳይነሣ ቀረ። ሁለቱም ወገን የሚፈልገውን አገኘ፤ የማንኛው ሕግ በማን ላይ ይሠራል የሚለው ግን ለእያንዳንዷ ባለጉዳይ ተተወ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79፣ በ1995 አወጣ፤ የጋብቻው ዕድሜ እዚህም 18 ነው። የደሴና የኮምቦልቻ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በክልሉ ሥር ያሉ ናቸው፤ የሕገ መንግሥቱ የፈቃድ መርሕ ግን እነሱንም ያስራል።

ወደ ችሎቱ እንግባ። አብዛኛው ጉዳይ ኒካህ (ጋብቻ)፣ ፍቺ፣ ነፈቃ (ቀለብ)ና ውርስ ነው። ኒካህ ወሊ (ሙሽራዋን የሚያጋባ ወንድ ዘመድ)፣ ሁለት ምስክር፣ መህር (ባል ለሚስት የሚሰጠው ጥሎሽ) እና የሁለቱን ቃል ይጠይቃል። ወሎ ውስጥ የሻፊዒም የሐነፊም መዝሀብ (የፊቅህ መንገድ) አለ፤ በሻፊዒው ያለ ወሊ ኒካህ አይጸናም፣ በሐነፊው ግን አዋቂ ሴት ራሷን ማጋባት ትችላለች። ስለዚህ ቃዲው የትኛውን መዝሀብ እንደሚከተል ማወቅ ለባለጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። የተፈታች ሴት ዒዳዋን (የመጠበቂያ ጊዜዋን) እስክትጨርስ፣ ባሏ የሞተባት ደግሞ አራት ወር ከአሥር ቀን እስክትጠብቅ አታገባም። ችሎቱ ቅርብና ቀልጣፋ ነው። ሴትየዋ የምትለው ነገር በቀጥታ ይሰማል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ጠበቃ ባይኖርም ይቻላል። ሰው ቃዲውን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ሃይማኖት ነው፤ ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ትልቁን ክብደት የሚሸከመው ውርስ ነው። ምሳሌ ልሥራ። ደሴ ላይ አንድ ነጋዴ ሞተ እንበል፤ ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴት ልጆች ትቷል። ዕዳውና ያልተከፈለ መህር ከወጣ በኋላ የቀረው ሱቅና ዕቃ 3,200,000 ብር ይገመታል፤ ሁሉም የባልየው ነው ተብሏል። በፈራኢድ፣ ማለትም በሸሪዓው የውርስ ስሌት፣ ልጅ ያላት ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ 400,000 ብር ትወስዳለች። የቀረው 2,800,000 ለወንድ ሁለት እጅ፣ ለሴት አንድ እጅ ሆኖ ይከፈላል፤ ወንድ ልጅ 1,400,000፣ እያንዳንዷ ሴት ልጅ 700,000 ብር። አሁን ይኸው ጉዳይ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ ሱቁም በትዳር ውስጥ የተፈራ ነው እንበል። ግማሹ፣ 1,600,000 ብር፣ ውርስ ሳይጀመር የሚስት ነው። ሌላው ግማሽ ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 533,333 ብር ይደርሰዋል።

ስለ ሸሪዓ ውርስ ሲወራ ሰው ሁልጊዜ የሚያነሣው ወንድምና እህትን ነው። ስሌቱን አይተው ይፍረዱ። በዚህ ምሳሌ ሴት ልጆቹ በሸሪዓው ችሎት የሚያገኙት ከመደበኛው ይበልጣል። የሚጎዱት እናታቸው ናቸው፤ ከ1,600,000 ወደ 400,000 ይወርዳሉ። ዕድሜያቸውን በዚያ ሱቅ የጨረሱ፣ ከባላቸው ጋር ቡና ሲለቅሙ፣ እህል ሲሰፍሩ፣ ዱቤ ሲሰበስቡ የኖሩ እናት። ይህን ሸሪዓው ራሱ የሚያስገድደው አይደለም። በፊቅህ የሚስት ሀብት የሚስት ነው፤ ባል አይነካውም። በሱቁ ውስጥ ገንዘቧ እንዳለ ከተረጋገጠ ድርሻዋ ከውርሱ በፊት ተለይቶ ይወጣል፤ ከዚያም በኋላ ስምንተኛዋ ይታሰብላታል። ችግሩ ማረጋገጫው ነው። ሱቁ በባል ስም፣ ንግድ ፈቃዱ በባል ስም፣ የባንክ ደብተሩ በባል ስም ሆኖ ኖሯል፤ ምስክር የሚሆኑት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ሽንፈቷ የተቆረጠው ቃዲው ፊት ሳትቆም፣ ገና በኒካሁ ቀን ማንም ምንም ሳይጽፍላት ሲቀር ነው።

እንግዲህ የዚህች እናት ፈቃድ እንዴት ነው የሚገኘው? ልጆቿ ችሎቱን ጀምረውታል፤ ባሏ ከተቀበረ ገና ጥቂት ወር ነው፤ እሷ "በአላህ ሕግ አልዳኝም" ያለች እንዳይመስልባት ትፈራለች። ዝም ትላለች። በፌዴራሉ አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ ክርክሩም በሌለበት ይሰማል። አንዴ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ሐሳብ ቀይሮ ወደ ሌላኛው ችሎት መሄድ የለም። በዚህ ጉዳይ የታወቀው ክርክር ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። በውርስ ጉዳይ የተከሰሰች አንዲት ሴት በሸሪዓ ለመዳኘት አልፈቀድኩም ብላ በጽሑፍ ተቃወመች። ችሎቱ ተቃውሞዋን አልፎ ፈረደ፤ በይግባኝም አልተሳካላትም። ጉዳዩ በሕገ መንግሥት ትርጉም ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ፤ ምክር ቤቱም በ1996 ዓ.ም. ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። ይህ ውሳኔ በየቃዲው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለበት ይመስለኛል። ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ከዚያ ወዲህ የተደረገለት ትልቅ ውለታ ነው እላለሁ፤ በፈቃድ የመጣ ሰው ላይ የተሰጠ ፍርድ ማንም ሊነቅፈው የማይችል ሆኗልና።

የኬንያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኬንያውያን አዲሱን ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ሲያጸድቁ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት "አይሆንም" ካሉበት ምክንያት አንዱ የቃዲ ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነበር። ፍርድ ቤቶቹ ግን ቀሩ፤ ሥልጣናቸውም ሁሉም ተከራካሪ ሙስሊም ሆኖ ለችሎቱ ሲገዛ ብቻ እንዲሆን ተጻፈ። ካናዳ ውስጥ የኦንታሪዮ ግዛት ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በቤተሰብ ጉዳይ የሃይማኖት ሽምግልናን በሕግ ፊት ዋጋ ለማሳጣት ወሰነ። እዚያ የሴቶቹ ፈቃድ እውነተኛ ስለመሆኑ ማንም ዋስትና መስጠት አልቻለም ነበር።

ሌላው የተቋሙ ፈተና ቃዲውን ማን ይሾማል የሚለው ነው። በፌዴራሉ ሕግ ቃዲ የሚሾመው በመጅሊሱ አቅራቢነት ነው። ስለዚህ መጅሊሱ ሲታመም ችሎቱም ይታመማል። ይህ በ2004 እና በ2005 በግልጽ ታየ። መንግሥት በመጅሊሱ በኩል አሕባሽ የተባለውን የእስልምና ቡድን ትምህርት ይጭናል የሚለው ተቃውሞ ከአዲስ አበባው አወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ በመላ አገሪቱ ሲዛመት ሕዝቡ የጠየቀው ዋናው ነገር የመጅሊስ ምርጫ ነው፤ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ። ተወካይ ሆነው የተመረጡት ኮሚቴዎች ታሰሩ፤ በ2007 ማብቂያ ላይም ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ደቡብ ወሎ ዋጋውን ከፍሏል። በጥቅምት 2005 ከኮምቦልቻ አቅራቢያ ገርባ ላይ በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ደግሞ የሃይማኖት መሪው ሸኽ ኑሩ ይማም ደሴ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። በዚያ ጊዜ አንዱ መስጊድ ከሌላው፣ አንዱ ሸኽ ከሌላው ተቆራርጦ ነበር። ጎረቤቱ የሚጠረጥረው ቃዲ ዘንድ ማን ፈቅዶ ይሄዳል? በሚያዝያ 2011 ዑለማው በሙፍቲ ሐጂ ዑመር ኢድሪስ ሰብሳቢነት ከተስማሙና በ2012 መጅሊሱ በአዋጅ ቁጥር 1207 ሕጋዊ ሰውነት ካገኘ ወዲህ የያኔው ውጥረት ረግቧል።

በሃይማኖትና በመንግሥት መካከል ያለው ድንበር የሚፈተነው በችሎት ብቻ አይደለም፤ የትምህርት ጥያቄም ከዚሁ ሥር ይመዘዛል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ብዙ የወሎ ሙስሊም አባት ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ያስቀረው ልጄ ሃይማኖቱን ትቶ ይመጣብኛል ብሎ ነው፤ ልጁን ለደረሳነት (ለሃይማኖት ተማሪነት) ወደ ዛዊያ ላከው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ ለወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት ሰጠ፤ አንቀጽ 90 ላይ ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽእኖ ነጻ ይሁን አለ። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ2000 ዓ.ም. ባወጣው የአምልኮ ሥርዓት መመሪያ በመንግሥት ትምህርት ተቋማት ውስጥ የጋራ ሶላትና ኒቃብ ተከልክሏል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ካምፓሱን የከፈተው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ጥያቄው ለከተሞቻችን የሩቅ ወሬ አልነበረም። በ2017 አክሱም ላይ ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ሲከለከሉ የትግራይ መጅሊስ የሄደው ወደ ፍርድ ቤት ነው፤ የእግድ ትእዛዝም አስወጣ። ፀጉሯን ሸፍና ትምህርቷን የምትማር ልጅ ማንንም አትጎዳም፤ ከትምህርት ቤት የሚያስወጣት ደንብ ግን እሷንም አገሩንም ይጎዳል።

የሃይማኖት ተቋማት በቤተሰብ ጉዳይ የሚያደርጉት ግፊት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በታኅሣሥ 2001 የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የእስልምና መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው የአንድ ጾታ ግንኙነት ክልከላ በሕገ መንግሥቱ እንዲጻፍ ሕግ አውጪዎችን ጠይቀዋል፤ ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ ቀድሞም የተከለከለ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሁሉንም ዜጋ የሚያስር ነው። የቃዲው ጥያቄ ከዚህ ይለያል፤ ለእኔና ለፈቀደው ቦታ ስጡኝ ይላል። ሃይማኖት ለራሱ ምእመን ቦታ ሲጠይቅ ሙሉ በሙሉ አብሬው እቆማለሁ። ያልፈቀደውን ሰው በሕግ እንሰር ሲል ግን ቦሩ ሜዳን አስታውሳለሁ።

አሁን ሥራው ያለው ከታች ነው። ኒካህ የሚያስሩ ሸኾች ልጅቱ 18 ዓመት እንደሞላት ሳያረጋግጡ አይሰሩ፤ ኒካሁንም በወሳኝ ኩነት ያስመዝግቡ። መህሩ በቁጥር ይጻፍ፤ ሙሽራዋ ይዛ የገባችው ሀብት በዚያው ወረቀት ይስፈር፤ ከትዳር በኋላ የሚከፈት ሱቅ የሁለቱም ከሆነ ንግድ ፈቃዱ ላይ የሁለቱም ስም ይግባ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ከተከፈተ ወዲህ ደመወዝ ይዘው ትዳር የሚገቡ ወጣት ሴቶች በዝተዋል፤ ለእነሱ እንዲህ ያለው የጽሑፍ ማስረጃ ከወርቅ ይበልጣል። የተከበራችሁ ቃዲዎች ሆይ፣ የፈቃድ ጥያቄውን ለፎርም ማሟያ አታድርጉት። ሴትየዋን ከልጆቿና ከወንድሞቿ ለይታችሁ ለብቻዋ ጠይቋት፤ በሁለቱ ችሎት የሚደርሳትን በብር ቆጥራችሁ ንገሯት፤ መደበኛውን ብትመርጥ ከእስልምና እንደማትወጣ አስረዷት። ከዚያ በኋላ ፈቅጃለሁ ካለች፣ ፍረዱላት።